ለግድግዳው ሂዱ፣ ለጥብሱ አይደለም

ጅማ ውስጥ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው መንገድ አንድ ካፌ አለ። ወቀሳም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። በዛ ያለፈ ሰው ግን ያውቀዋል፤ የጎኑ ግድግዳ ከመሬት እስከ ጣሪያ፣ ሦስት ፎቅ ሙሉ፣ ገበሬ ተስሎበታል።

እኛ አገር ይህን የሚያህል ሥዕል ካያችሁ ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ ንጉሥ፣ ወይ የቢራ ማስታወቂያ። እዚህ ቡና ለቃሚ ሴት ናት።

ሰዓሊው ሥራውን ያውቀዋል። ሴትዮዋ በግራ እጇ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጋ ይዛ በቀኟ ቀይ ቀዩን ትለቅማለች፣ ያልቀላው እዛው ቀርቷል። ጥሬውንም ቀዩንም አንድ ላይ ሙልጭ አድርጎ ማውረድ የቡናውን ጣዕም እንደሚያበላሽ የገባው ሰው ነው የሳለው። ከኋላዋ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የሚደርቅ ቡና) የሚያገላብጡ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ልቤን የወሰደው ጥግ ላይ ያለው ልጅ ነው፤ በቆሎ መሃል ማማ ላይ ተቀምጦ፣ ወንጭፉን ጭኑ ላይ ጥሎ ዝንጀሮ ይጠብቃል። እንዴት እንደሰለቸው ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። ቀይ ፍሬ የሞላው ቅርንጫፍ ላይ ነጭ አበባም ሞልቷል። በእኛ አካባቢ ቡና የሚያብበው የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው፤ የሚለቀመው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ዘግይቶ የሚያብብ አንድ ሁለት አይጠፋም፣ እንዲህ ቅርንጫፍ ሙሉ ግን የት ታይቶ? ለፎቶ እንደሚያምር አልክድም። ገበሬ ቆሞ ቢያየው ግን መሳቁ አይቀርም።

ዋናው ወቀሳዬ ለባለቤቱ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ተቀዷል፣ ውሃው ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናብ ቀልድ አይደለም። ከታች በኩል ቀለሙ አብጦ መላጥ ጀምሯል፣ የሴትዮዋ እግር ግማሹ የለም። ጌታዬ፣ መጀመሪያ አሸንዳውን አሠራ፤ ከዛ ልስኑ በደንብ ይድረቅና ሰዓሊውን መልሰህ ጥራው። ርጥብ ግድግዳ ላይ ደርቦ መቀባት ብር መጣል ነው።

ምግቡ? ጥብሱ ደረቅ ነው፣ አስተናጋጆቹ ሲበዛ ቀርፋፋ ናቸው። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ስር መኪና ይደረደርና ግማሹን ይሸፍነዋል። ማኪያቶውን እለፉት። በሩ አጠገብ ጀበና ይዛ የምትቀመጠው ልጅ ቡናዋ አንደኛ ነው።