ቪትዝ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የራዲያተር ክዳኗን ክፈቱ

ቪትዝ ለጎንደር ዳገት አትሆንም የሚል ሰው በዝቷል። ትንሽ ናት፣ ትግላለች፣ ዘይት ትበላለች ይላሉ። እኔ ሁለት ዓመት ነድቻታለሁ። ጠዋት ከአዘዞ ወደ ማራኪ፣ ማታ መልስ፣ አንዳንድ እሁድ ደግሞ እናቴን ይዤ ወደ ኮሶዬ። ግላብኝም ታውቃለች። ያጋላት ግን ትንሽነቷ አልነበረም፣ ልነግራችሁ የፈለግኩትም ይህንኑ ነው።

የእኔዋ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከወጡት ናት፤ 996 ሲሲ፣ ባለ 3 ሲሊንደር። 3 መሆኑን ልብ በሉ። ቆማ ስትሠራ ትንሽ መንቀጥቀጧ ተፈጥሮዋ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ደንግጦ መካኒክ ጋ ይሮጥና ያለ ምክንያት የሞተር መያዣ ጎማ ያስቀይራል። ከበፊቱ ብሶ ድንገት ከተንቀጠቀጠች ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላና ኮይል ይታዩላት። ከሦስቱ ሲሊንደር አንዱ ሲጠፋ ጉልበቷ በሲሶ ይወርዳል፣ ዳገት ላይ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ስለ ጉልበት ካነሳን፣ ሞተሯ ከፋብሪካ ሲወጣ 71 የፈረስ ጉልበት ነው። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ ጉልበት አንድ አምስተኛው ያህል እዚህ የለም። ዳገት ሲመጣ ቶሎ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አውርዱላትና ትወጣዋለች።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ።

የአጎቴ ልጅ ሰርግ ቀን ነው። አራት ሰው ጭኜ፣ ኤሲ ከፍቼ፣ የጎሃን ዳገት ስጀምር ቀይ መብራት በራ። ይቺ መኪና ሙቀት የሚያሳይ ቀስት የላትም። ያላት ሁለት መብራት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ። በመካከል ሙቀቱ እየጨመረ ይሁን አይሁን የምታውቁበት መንገድ የለም፣ ይህ በጣም የማይመቸኝ ነገሯ ነው። ዳር ይዤ አጠፋኋት። ሚዜዎቹ በሙሉ ልብሳቸው መንገድ ዳር ቆሙ። አንድ ልጅ በሃይላንድ ውሃ ይዞ ሮጦ መጣና ክዳኑን ሊከፍት ሲል ጮኼ አስቆምኩት። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይነካም! የሚፈነዳው እንፋሎት ፊትና እጅ ይልጣል። እስክትበርድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ሰርጉም አለፈን።

በማግስቱ አንድ ሰውዬ ጋ ወሰድኳት፣ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው የራዲያተሩን ክዳን ሲያነሱት ውስጡ ያለው ውሃ ደፍርሶ ጠላ መስሏል። ጣታቸውን ነክረው አሳዩኝ፣ ዝገት ነው።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ስንት ዓመት የቧንቧ ውሃ ጠጣች?»

«እኔም ሲጎድል የምሞላት ውሃ ነው ጋሼ፤ ስገዛትም ውሃ ነበር ያላት» አልኳቸው።

ክዳኑን ገልብጠው ጎማውን በጥፍራቸው ሲነኩት ተፈረፈረ። ሞላውም ሞቷል። ከዚያ የቴርሞስታቱን ቤት ፈቱት፤ ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚከፍት ዕቃ ነው። ባዶ! ከእኔ በፊት የያዛት ሰው መኪናዋ ስትግልበት ቴርሞስታቱን አስወጥቶ አስጥሏል፣ እንዲያው እንዲቀዘቅዝለት። ይህ በየጋራዡ የሚሠራ ነገር ነው፣ ግን በሽታውን አያድንም። ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኖ ሳለ ቴርሞስታት ብታወጡ ዳገት ላይ መጋሏ አይቀርም። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ምልክቱ ዓይኔ ሥር ነበር፤ ሰማያዊው መብራት ከአዘዞ ተነስቼ መንገዱን እስካጋምስ ድረስ አይጠፋም ነበር። በደህና መኪና ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ መጥፋት አለበት።

የክዳኑን ነገር ግን እዚህ ከተማ የሚነዳ ሁሉ ይስማልኝ። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ጎንደር ላይ ግን በ93 ገደማ። ቴርሞስታት የሚከፈተው 80 ዲግሪ አልፎ ነው። አያችሁት? ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀትና ውሃው በሚፈላበት መካከል ያለው ርቀት እዚህ በጣም ጠባብ ነው፣ ወደ ደባርቅ በኩል ከፍ ባላችሁ ቁጥር ደግሞ እየጠበበ ይሄዳል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው ክዳን ነው። ለራዲያተር ተብሎ የሚሠራው ፈሳሽ፣ ኩላንትም የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። ቆላ አገር ላይ ትንሽ ሊያቆይ የሚችል ያረጀ ክዳን ጎንደር ላይ አያቆይም።

የዘይት መለኪያዋን መዘው ሲያዩ ልቤ ቆሞ ነበር። ዘይቱ ማኪያቶ ቢመስል የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ከታችኛው ክፍል ጋር የሚያሽገው) ተቃጥሎ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ ሞተር ይወርዳል። ዘይቱ ንጹሕ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ራዲያተሩ ታጠበ፣ አዲስ ክዳንና ቴርሞስታት ገባ፣ ኩላንት ተሞላ። ለዚህ ሁሉ የከፈልኩት ቴስታታ ለማውረድ ሊጠይቁኝ ከሚችሉት ጋር አይወዳደርም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት፣ ዋጋቸውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ደላላው ሞተሩን አስነስቶ አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ፤ ቀዝቃዛ ሆና አግኟት። ክዳኗን ከፍታችሁ የውሃውን ቀለም እዩ። አስነሱና ሰማያዊው መብራት መቼ እንደሚጠፋ ሰዓት ያዙ። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላች ነው፣ ሞቃም ነጭ ጭሷ ካልቆመ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ።

ባለፈው ሳምንት ደባርቅ ደርሼ መጣሁ፣ አምባ ጊዮርጊስን ሳልቆም ነው ያለፍኩት። ቀዩ መብራት አልበራም። የቀረኝ የዘይቷ ነገር ነው። ሞተሯ የሚይዘው ወደ 3 ሊትር ብቻ ስለሆነ አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ሲሶው ሄደ ማለት ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሳላስነሳት መለኪያውን መዝዤ አያለሁ፣ ልኩንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እስካሁን ትንሽ ወርዷል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይሁን ሌላ፣ ሰርቪስ ሳስደርግ ይለያል።