የቀዶ ሐኪሙ እጅ ይባረክ፤ ሌሊቱ ግን ከባድ ነበር

ለጥምቀት ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በገባሁ በአራተኛው ቀን እምብርቴ አካባቢ የጀመረኝ ሕመም ወደ ቀኝ ጎኔ ወረደና፣ ታናሽ እህቴ በወሰደችኝ አንድ የግል ሆስፒታል ትርፍ አንጀት መሆኑ ተነገረኝ። ቅድመ ክፍያው እንደተፈጸመ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባሁ። የቀዶ ሐኪሙን ሥራ አመሰግናለሁ፤ ቁስሌ አላመረቀዘም፣ ስፌቱንም ያየ ሁሉ አድንቆታል።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ስላለው ሌሊት ነው። በጀርባዬ የተወጋሁት፣ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መድኃኒት ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ሲለቀኝ ሕመሙ ባንዴ ወረደብኝ። ተረኛዋ ነርስ መጥታ «ትንሽ ቻይው የኔ እህት፣ ቀዶ ሕክምና እኮ ነው» አለችኝና ሄደች። ሁለተኛ ስትጠራ ካርዴን ገልጣ ማስታገሻው «ሲያማት ይሰጣት» ተብሎ ብቻ መታዘዙን፣ የዳይክሎፌናክ መርፌውም ማለቁንና የሆስፒታሉ ፋርማሲ እስኪነጋ እንደማይከፈት ነገረችን። እህቴ ማዘዣውን ይዛ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በጥር ብርድ ወጣች፤ ክፍት ፋርማሲ አግኝታ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የግሉኮሱን ጠብታ እየቆጠርኩ፣ ሆዴ እንዳይንቀሳቀስ ትንፋሼን በግማሽ እየሳብኩ ቆየሁ። ፍራንክፈርት በቀዶ ሕክምና ስወልድ ነርሷ በየጊዜው እየመጣች ሕመሜን ከ0 እስከ 10 በቁጥር እንድነግራት ትጠይቀኝ ነበር፤ የኛ ሰው ቻይነት ያኮራኛል፣ ነገር ግን ማስታገሻ ማዘዝን ሊተካ አይገባም።

ሲነጋ የገቡት ጠና ያሉ ነርስ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ፓራሲታሞሉን 1 ግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ አመመኝ አላመመኝ፣ ሰዓቱን ጠብቀው ሰጡኝ፤ ሕመም ከበረታ በኋላ ማስታገስ እንደሚከብድም አስረዱኝ። ስስል ትራስ ሆዴ ላይ አጥብቄ እንድይዝ፣ ከአልጋ ስነሣ መጀመሪያ በጎኔ እንድዞር አሳዩኝ፣ ቀኑ ሳይመሽም ኮሪደሩን ደግፈው አስኬዱኝ። ሕመም ፈርቶ በደንብ የማይተነፍስ ሰው ሳንባው ውስጥ አክታ እንደሚጠራቀም፣ ተኝቶ የሚውል ደግሞ እግሩ ላይ ደም ሊረጋበት እንደሚችል የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ለሰባት ሰዓት ያህል አውሮፕላን ላይ የምቀመጥ ስለሆነ ሐኪሙን አማክሬ በረራዬን አራዘምኩ።

በሦስተኛው ቀን ልወጣ ስል በመጣው ሒሳብ ላይ እህቴ ሌሊት ከውጭ ገዝታ ያመጣቻቸው ሦስት የዳይክሎፌናክ መርፌዎች ተደምረው አገኘናቸው፣ ያውም እኛ ከከፈልነው በእጥፍ ዋጋ። ገንዘብ ያዡ «ሲስተሙ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ደግነቱ እህቴ የፋርማሲውን ደረሰኝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አቆይታው ስለነበር፣ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ከአንድ ሰዓት ክርክር በኋላ ቀነሱልን።

ለቀዶ ሕክምናው ከሆነ ዛሬም እዚያው ሆስፒታል እገባለሁ። ማስታገሻው ግን በሰዓት ተወስኖ በካርዴ ላይ ሲጻፍ በዓይኔ ሳላይ፣ አስታማሚዬም የመጀመሪያውን ሌሊት መድኃኒት ሳይመሽ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ሳትይዝ አልጋ አልይዝም።