ጌይት ቤልት፦ የትኛው ይገዛ፣ እንዴትስ ይታሰር?

ደካማ አዛውንት ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲዛወሩ ብዙ ተንከባካቢ በብብታቸው ይዞ ያነሣል፤ አለዚያም እጃቸውን ይጎትታል። እንዲህ ሲያዝ የእሳቸው ትከሻ ሊወልቅ፣ የተንከባካቢው ወገብ ሊጎዳ ይችላል። ወገባቸው ላይ የሚታሰረው ጌይት ቤልት መያዣ እንዲሆን የተሠራ ነው።

ምርጫችን 2 ኢንች ስፋት ያለው፣ የብረት ዘለበቱ ጥርስ ያለው የጥጥ ቀበቶ ነው። ርካሽ ነው፣ በደንብ ከታሰረም አይንሸራተትም። 60 ኢንቹ ለብዙው ሰው ይበቃል፤ ሰውነታቸው ለገዘፈ 72 ኢንች ግዙ። ችግሩ ያለው አስተሳሰሩ ላይ ነው። ጫፉ መጀመሪያ በጥርሱ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ተመልሶ በሁለተኛው ቀዳዳ ይገባል። ሁለተኛው ከተዘለለ ቀበቶው የታሰረ ይመስልና ክብደት ሲያርፍበት ይለቃል።

ባለ ፕላስቲክ ዘለበቱ ቶሎ ይታሰራል፤ ስንጥቅ ከታየበት ግን ወዲያው ይጣል። ባለ እጀታው ለመያዝ ቢመችም ተንከባካቢውን ሰው ወደ ማንሣት ይገፋፋዋል፤ ስለዚህ ለጀማሪ አንመክረውም። ቀበቶው ማንሻ አይደለም። በእግራቸው ጨርሶ መቆም ለማይችሉ ሰው የሚያስፈልገው ሆየር ሊፍት የሚባለው ሰው የሚያነሣ መሣሪያ ነው።

ቀበቶው የሚታሰረው ከልብስ በላይ ነው፤ ነጠላና ጋቢ አስቀድሞ ይውለቅ፣ አለዚያ ቀበቶው ይንሸራተታል። ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን፤ ከላላ ወደ ጎድን አጥንት ይወጣል። በቅርቡ ሆዳቸውን ወይም ጀርባቸውን ቀዶ ሕክምና ለተደረጉ፣ የመመገቢያ ቱቦ ላላቸው ወይም ጎድናቸው ለተሰበረ፣ ነርሷን ሳትጠይቁ ቀበቶውን አትሰሩላቸው።

ከመነሣታቸው በፊት እግራቸው መሬት ነክቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። በድንገት ሲቆሙ የደም ግፊት ወርዶ ማዞር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። «እማማ፣ ሦስት ስል እንነሣለን» በሉና ቀበቶውን ከሥር ወደ ላይ ጨብጡ፤ ሲራመዱ በደካማ ጎናቸው፣ ትንሽ ከኋላ ሁኑ። መውደቅ ከጀመሩ ቀጥ አድርጎ ለማቆም አትታገሉ፤ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ። ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ፣ በእግራችሁ ላይ እያንሸራተታችሁ፣ ጭንቅላታቸውን እየጠበቃችሁ ቀስ ብላችሁ መሬት አስቀምጧቸው።

ለአንድ ሰው አንድ ቀበቶ ይበቃል፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው አይዞርም። የጥጡ ሲቆሽሽ ይታጠብ፤ ክሩ ከተበጣጠሰ ወይም ጥርሱ ካልያዘ ይጣል።

ዋሽንግተን ስቴት ለምትሠሩ አንድ ነገር እንጨምር። በተንከባካቢዎች የሠራተኛ ማኅበር በኤስኢአይዩ 775 በኩል ያለው የጤና ኢንሹራንስ ለሁለት ተከታታይ ወራት በወር 80 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠራን ተንከባካቢ ይቀበላል፤ ከሠራተኛው የሚቆረጠው በወር 25 ዶላር ነው። ሰው ስትደግፉ ወገባችሁ ከተጎዳ ግን ጉዳዩ የሥራ ጉዳት ነው፤ የሚመለከተውም የስቴቱን የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ኤል ኤንድ አይን ነው። ለሐኪሙ ሥራ ላይ እንደደረሰባችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ማመልከቻው እዚያው ይሞላል። የጉዳት ማመልከቻ የሚገባው በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሆነ «ይሻለኛል» እያላችሁ አታቆዩት።