አባቴን በመቀነት ያነሳችልኝ ሲስተር

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ሁለት ወር አለፈኝ። አስታማሚ የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ በሽተኛው ሲተኛ አንተም ትተኛለህ፣ ሲነሳ ትነሳለህ። ዛሬ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ አባታችን አጠገብ ተቀምጧል። እኔ ደጅ ፀሐይ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ።

ላመሰግን የፈለግኩት ደብረ ብርሃን እኛ ሰፈር ቤት ለቤት የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ ራሷ "ሥራዬ ነው፣ ስሜን አታውጪው" ብላኛለች። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ እኔም እንደዚያው ልበላት።

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። የመንዝ ሰው ነው፤ እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ ጋ መጣ። ደም ግፊት እንዳለበት ካወቅን አምስት ዓመት ሆኖናል። ክኒኑን ሲወስድ ቆየና ራስ ምታቱ ሲተወው "አሁንማ ድኛለሁ" ብሎ አቆመ። እኔም ዝም አልኩት። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት በሶ በጥብጬ ሰጠሁት። ጣሳው ከእጁ ወደቀ። ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ሊያናግረኝ ይሞክራል፣ ቃሉ አይያዝም። ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎታል።

ስትሮክ ነበር። እባካችሁ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም ንግግር ሲተሳሰር ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ አትሹለት። በዚያችው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የደም ግፊት ክኒንም ስለተሻለ አይቆምም፤ የተሻለው ክኒኑን ስለወሰደ ነው።

11 ቀን ተኝቶ ወጣ። ስንወጣ የመድኃኒት ወረቀትና የቀጠሮ ካርድ ተሰጠን። "ጎኑን እየቀያየራችሁ አስተኙት" ተባልን። እንዴት እንደሚገለበጥ፣ እንዴት እንደሚነሳ፣ እንዴት እንደሚታጠብ ያሳየን ሰው ግን አልነበረም። እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም። ቤት ስንገባ ከዚያ ትልቅ ሰውነት ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሠራሁትን ሳስበው አሁንም ያመኛል። በብብቱ እየያዝኩ እጎትተው ነበር። የደከመውን ግራ እጁን ይዤ አነሳው ነበር። እሱ ያቃስታል፣ እኔ በሽታው ነው እላለሁ። ለካ እኔ ነኝ። የዛለ እጅ ሲጎተት ትከሻው ከቦታው ይላላል። የኔም ወገብ ተቆረጠ፤ የእናቴን የድሮ መቀነት አውጥቼ ጥብቅ አድርጌ አስሬ ነበር የምሠራው።

ሲስተር የመጣችው ጎረቤቴ ወልዳ እሷን ልትጠይቅ ነው። ጎረቤቴ ናት "እዚያም ቤት ግቢ፣ ልጅቷ ልትሞት ነው" ያለቻት። ገባች። መጀመሪያ እጇን ታጠበች። ከዚያ ለአባቴ ጎንበስ ብላ "አባባ፣ እንዴት አደሩ?" አለችው። እስኪመልስ ጠበቀች። ከታመመ ጀምሮ ሰው ሁሉ በላዩ አሻግሮ እኔን ነበር የሚያናግረው። እሷ ግን እሱን ጠየቀችው። በቀስታ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ግማሹ ብቻ ነው የተሰማው፤ እሷ ግን ሙሉውን እንደሰማች "አሜን" አለች።

ቀጥሎ ወገቤን አየችና "ያንን መቀነት ፈትተሽ ስጪኝ" አለችኝ።

አባቴን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። እግሮቹ መሬት መንካታቸውን አየች። ወንበር በደህናው በቀኝ በኩል አስጠጋች። መቀነቱን በልብሱ ላይ ወገቡ ዙሪያ አዙራ አሰረችው። ፊት ለፊቱ ቆመች፣ የራሷን ጉልበት ከደከመው ጉልበቱ ፊት አደረገች፣ ከኋላው በኩል መቀነቱን በሁለት እጇ ያዘች። የራሷን ጀርባ ቀጥ አድርጋ በጉልበቷ ዝቅ አለች። "አባባ፣ ወደኔ ዘንበል ይበሉ፤ ሦስት ስል አብረን እንነሳለን።" አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አባቴ ቆመ። ሲስተር ቀጭን ሴት ናት፤ ከኔ ግማሽ ብትሆን ነው። ዞር አድርጋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ "አሁን አንቺ" አለችኝና አራት ጊዜ አሠራችኝ። በአራተኛው አባቴ ራሱ ሦስት ድረስ ቆጠረ።

እሷ ያስተማረችኝን እንደመጣልኝ ልንገራችሁ፤ ቤቱ በሽተኛ የተኛበት ሰው ይጠቀምበታል።

መገልበጥ በየሁለት ሰዓቱ ነው። ከሥሩ ጋቢ አጥፋችሁ አንጥፉ፤ ሁለት ሰው ሆናችሁ በጋቢው አንሱት እንጂ ገላውን አትጎትቱ፣ ቆዳው ይላጣል። በጎኑ ሲተኛ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ይግባ። ከባቱ ሥር ሌላ ትራስ አድርጋችሁ ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ አየር ላይ ይቆይ። መቀመጫውን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን በየቀኑ እዩ። የኛ ቆዳ ጠቆር ስለሚል መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ በእጅ ዳብሱት። ከዙሪያው የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ ቁስል እየመጣ ነው። በዚያ ጎን አታስተኙት፤ አትሹትም፤ ሳይቆስል ለባለሙያ አሳዩ። እኛ አካባቢ የሚወደደውን አጎዛ ጠየቅኳት። ከሥሩ ማንጠፉ ጥሩ ነው፣ ግን ከረጠበ ወዲያው ይነሳ፣ መገልበጡንም አያስቀርም አለችኝ።

ልብስ ሲለብስ የደከመው እጅ ይቅደም፤ ሲያወልቅ ደህናው ይቅደም። ቀላል ነገር ናት፣ ግን እኔ በየቀኑ ከሸሚዝ ጋር ግማሽ ሰዓት ስታገል ነበር።

የምግቡ ነገር ደግሞ ልብ ይነካል። ጠያቂ ይመጣል፣ ያዝንለታል፣ ትልቅ ጉርሻ ያጎርሰዋል። አባቴ ትን ይለዋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ሁሉም ይደነግጣል። ሲስተር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ፣ በትንሽ ማንኪያ ይብላ አለች። አንዱን ሳይውጥ ሌላ አይጨመር። በልቶ ሲጨርስ ግማሽ ሰዓት ሳይተኛ ይቀመጥ። ለሱ ከውሃ ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት ይቀለዋል። በበላ ቁጥር የሚያስለው ወይም ድምፁ እርጥብ የሚሆንበት ሰው ካለ ግን በቤት ዘዴ አይታለፍም፤ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። አሁን ጠያቂ ሲመጣ ማንኪያውን እሰጣለሁ፤ ጉርሻውን ለኔ አጉርሱኝ እላቸዋለሁ።

የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲወርድ ሰው በሽተኛውን ለማሞቅ የማያደርገው የለም። እኔ ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ እግሩ ሥር አደርግ ነበር። ሲስተር ጠርሙሱን ስታይ ደነገጠች። የደነዘዘ እግር ቢቃጠል አይሰማውም። ከሰሉንም ከመኝታ ቤቱ አስወጣችው። በር ተዘግቶ ከሰል ሲጨስ ሰው ተኝቶ እንደሚቀር ሁላችንም ሰምተናል፤ ሮጦ መውጣት የማይችል ሰው ባለበት ክፍል ደግሞ ይብሳል። ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ከላይ የመንዝ ዝተት። ይበቃዋል።

ከሁሉም የከበደኝ ገላውን ማጠብ ነበር። አባቴ ልጁ እርቃኑን ማየቷ አሳፍሮት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። እኔ ሳጥበው አለቅሳለሁ፣ እሱም ያለቅሳል፤ ሁለታችንም አንነጋገርም። ሲስተር ሰፊ ነጠላ ከላይ አለበሰችው። ከሥሩ አንድ እጅ ብቻ አውጥታ አጠበች፣ አደረቀች፣ ሸፈነች። ከዚያ ሌላውን። ወደ ጭኑ ስትደርስ በሳሙና የራሰውን ጨርቅ በደህናው እጁ አስያዘችውና "አባባ፣ ይህቺን ራስዎ ይጠቡ" ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። እኔንም ዞር አደረገችኝ። ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ሲጨርስ ጨርቁን ሳህኑ ላይ ጣለና "ጨረስኩ ልጄ" አላት። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም።

በሁለተኛው ሳምንት ስትመጣ የአባቴን ግፊት ለካች። ከዚያ ማሰሪያውን ሳትጠቀልል "አንቺስ?" አለችኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስትለካኝ 150 በ95 ነበር። እንባዬ መጣ። ዝም ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ቀጥላ ደብተር አውጪ አለችኝ። ከንጋት እስከ ሌሊት የምሠራውን ሁሉ አስጻፈችኝ፤ ገጽ ተኩል ሞላ። "ይህን ለወንድሞችሽ አንብቢላቸው። 'እርዱኝ' አትበያቸው፤ ሰው ምን እንደሚረዳ አያውቅም። ይህችን አንተ፣ ይህችን አንተ በያቸው" አለችኝ።

በስልክ አነበብኩላቸው። ትልቁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ገንዘብ ይልኩ ነበር፣ አልዋሽም። ግን በቀን ስንት ጊዜ እንደምገለብጠው አያውቁም ነበር። አሁን አንዱ በወር ሁለት ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ይመጣል፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሰላም ከሆነ በጠዋት ይደርሳል። ሌላው መድኃኒቱ ከማለቁ አሥር ቀን አስቀድሞ ይገዛል። የእድራችን ሴቶችም ተራ አወጡልኝ፤ ረቡዕ ከሰዓት አንዷ ትቀመጥና እኔ እተኛለሁ ወይም ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ።

አባቴ ጠበል እየጠጣ ክኒን መውሰድ ከብዶት ነበር። ሲስተር አልተከራከረችውም። የንስሐ አባቱን እንዳስጠራ መከረችኝ። እሳቸው መጥተው "ጠበሉንም ጠጣ፣ መድኃኒቱንም ዋጥ" አሉት። በቃ፣ አለቀ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ለክትባትና ለመጸዳጃ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሥራው በ1995 ዓ.ም. ገጠር ላይ ተጀምሮ ኋላ ወደ ከተማ የመጣ ነው፤ ከተማ ላይ የሚዞሩት ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ ክፍያ የለውም። ገጠር ያላችሁ የቀበሌያችሁን ጤና ኬላ፣ ከተማ ያላችሁ ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። "ቤታችን የተኛ ሰው አለ፣ አያያዙን አሳዩን" በሉ። የማህበረሰብ ጤና መድህን ያላችሁም እድሳቱን አታሳልፉ፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር ማጻፉንም አትርሱ።

ሲስተር ከኛ ቤት ከቡና በቀር ምንም አልወሰደችም። ለበዓል በግ እንግዛላት ስንል ተቆጣች። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ሄጄ ያደረገችውን አንድ በአንድ በአስተያየት መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። እናንተም የረዳችሁ ባለሙያ ካለ እንዲህ አድርጉ፤ አለቆቿ ይወቁላት።

ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የምትመጣው። አባቴ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን እንዳስተካክልለት ያዘኛል። ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም። "ያቺ ልጅ ዛሬ ቀረች እንዴ?" ይላል። ቃሉ አሁን በደንብ ይሰማል።