ኪት ይሻላል ወይስ ኬራስ?

ጣና ዳር ቡና ይዘን የአጎቴን የምርመራ ወረቀት ገለጥኩት። "ኪት ተለውጧል" ይላል። "እሰይ!" አልኩ።
"ካንሰር ነው እያሉኝ እሰይ ትላለህ?" ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

ኪትም ኬራስም ሕዋስን "ተባዛ" የሚሉ ጂኖች ናቸው። ሲበላሹ እንደማይዘጋ ቧንቧ ናቸው። የኪት ብልሽት የሚበዛው ጂስት በሚባለው የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ዕጢ ላይ ነው። ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል አብዛኛውን ጊዜ ይይዘዋል። አሜሪካ ለጂስት የፈቀደችው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው።

ኬራስ ሌላ ጣጣ ነው። ከ10 የትልቁ አንጀት ካንሰሮች በ4ቱ ገደማ ተበላሽቶ ይገኛል። ያኔ እነ ሴቱክሲማብ የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ አይሠሩም። በቅርብ ዓመታት መድኃኒት የተገኘለት ለጥቂት ዓይነቶቹ ብቻ ነው። ምረጥ ብባል ኪትን ነው፤ ማን ያስመርጣል እንጂ።

አጎቴ ቡናውን ጨለጠ። "እንክብሉ በባዶ ሆድ ነው?"
"አይ ጋሼ፣ ከምግብና ከአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር።"