ለቴኳንዶ ሰው ሁለተኛ ስፖርት፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሦስት ቦታ ሞክሬ ጁዶ ላይ ቀረሁ

ቴኳንዶ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለተኛ ዳን፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ጥቁር ቀበቶ አለኝ። ቀን ቀን በደሴ መንገድ ዳር ጎማ እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ ልጆች አሠለጥናለሁ። ሌላ የማርሻል አርት ዓይነት ልጨምር ያልኩት ባለፈው ገና መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ አክስቴ ቤት ሄጄ ነው። ልጇ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፤ ከብት ሲያግድ ያደገ፣ የሥልጠና አዳራሽ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ልጅ። እኔ በማውቀው፣ እሱም በሚያውቀው እንምጣ ተባብለን ሜዳው ላይ ገጠምን። ሦስት ጊዜ ጣለኝ። ሁለቱን ጊዜ የጣለኝ ገና ለመምታት እግሬን ሳነሣ ዝቅ ብሎ ገብቶ፣ መሬት የቀረውን እግሬን አቅፎ ነው። ልብሴን እያራገፈልኝ «ጋሼ፣ እግርህን እኮ አንተው ነህ የሰጠኸኝ» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ እኔ አንድ ስፖርት ለብዙ ዓመት ይዘው ሁለተኛውን ለመምረጥ ለሚያመነቱ ነው። የማሠለጥናቸው ልጆች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ አብዛኞቹም የሚያዘነብሉት የሚያውቁትን ወደሚመስለው ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የያዝኩት ስፖርት ምን አላስተማረኝም?» የሚለው ነው እላለሁ። የእኔ መልስ ግልጽ ነበር፤ ሰው ከያዘኝ የማደርገውን አላውቅም፣ ከወደቅሁም አወዳደቅ አላውቅም።

ካራቴን ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነው፤ መሠረታዊ እንቅስቃሴውም ንጹሕ ነው። ነገር ግን አቋቋሙ፣ ቡጢው፣ ብቻውን የሚሠራው ተከታታይ እንቅስቃሴ ሁሉ ከማውቀው ጋር ወንድማማች ነው። ቴኳንዶን የመሠረቱት ሰዎች ከካራቴ ብዙ ወስደዋልና አያስገርምም። እስከ መጨረሻው ብሠራው የማውቀውን አሳምርበት ነበር፤ የጎደለኝን ግን አላገኝበትም።

ቦክስ ላይ ሁለት ወር ቆየሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የቴኳንዶ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን (አይ ቲ ኤፍ) በፍልሚያ ፊትን በቡጢ መምታት ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተውና አሁን ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው፣ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት ደግሞ ቡጢን ደረት ላይ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ስለዚህ ከኦሊምፒኩ ወገን የመጣ ሰው እጁን ፊቱ ላይ አለማቆየቱ የሥልጠናው ውጤት ነው፤ ቦክስ ከማንም በላይ ለእርሱ ያስፈልገዋል። እኔ አይ ቲ ኤፍ ነኝ፤ እንደዚያም ሆኖ ብዙ አተረፍኩ። አገጬን ዝቅ ማድረግ፣ መትቶ እጅን በመጣበት መንገድ መመለስ፣ ጭንቅላትን ከመሥመር ማውጣት የተማርኩት እዚያ ነው። ወጪውም ቀላል ነው፤ ገመድ፣ የእጅ ማሰሪያና ጓንት ካለህ ይበቃሃል።

የለቀቅሁት በስፖርቱ ምክንያት ሳይሆን በቤቱ ምክንያት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ ኃይል ፍልሚያ አለ። የጥርስ መከላከያ ያለውም የሌለውም እኩል ይገባል። አንድ አሥራ ሰባት ዓመት የማይሞላው ልጅ የራስ መከላከያ ሳያደርግ ከትልቅ ሰው ጋር ሲጋጠም አየሁ፤ ብናገርም «እንዲህ ነው የሚጠነክረው» ተባልኩ። ሁዳዴ ላይ የሚጾመውን ከማይጾመው ሳይለዩ ያንኑ ዙር ያሠሩናል። አንድ ማክሰኞ ጆሮ ግንዴን ተመትቼ ሦስት ቀን ራሴን ሲያመኝ ከረመ፤ ጎማ ስመታ የመዶሻው ድምፅ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባ ነበር። አንጎል እንደ ጡንቻ በመመታት አይጠነክርም። ቦክስ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ የፍልሚያ ቀን ሄዳችሁ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ።

ጁዶውን፣ ተያይዞ የመጣጣል ስፖርቱን፣ ያገኘሁት ግንቦት ላይ ነው። ጠባሴ ውስጥ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ አዳራሽ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም። ወርኃዊ ክፍያው 800 ብር፣ መመዝገቢያው 300 ብር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት አለ።

ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው፤ የጁዶ ቤት የሚመዘነው በወለሉ ነውና። በፋብሪካ የተሠራው ታታሚ የሚባል የጁዶ ምንጣፍ ውድ ስለሆነ ራሳቸው ሠርተውታል። ከሥር የእንጨት ርብራብ፣ በላዩ የተከተፈ አሮጌ ጎማ፣ ከዚያ ስፖንጅ፣ ከሁሉም በላይ የጭነት መኪና ሸራ ተወጥሯል። ጎማ ሥራዬ ነውና ተንበርክኬ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩት። ፍርፋሪው እኩል ተነጥፏል፣ የሽቦ ቁራጭ ተለቅሞ ወጥቷል፤ ይህን ያደረገ ሰው ስለ ተማሪው ጀርባ ያስባል። በበሩ በኩል ባለው ጥግ ላይ ብቻ ፍርፋሪው ሸሽቶ ሳስቷል፤ የሸራው ስፌትም ተከፍቶ የእግር ጣት ይይዛል። እዚያ ላይ አትውደቁ።

ሴንሴው፣ ማለትም አሠልጣኙ፣ የመጀመሪያውን ወር ማንንም እንድጥል አልፈቀደልኝም። ሥራዬ መውደቅ ብቻ ነበር። ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት ተንከባልሎ። ከመቀመጥ፣ ከዚያ ከቁጢጥ፣ ከዚያ ከመቆም። «የቀበቶህን ቋጠሮ እይ» ይላል ደጋግሞ። ቋጠሮውን ያየ ሰው አገጩ ደረቱ ላይ ነው፤ አገጩ ደረቱ ላይ የሆነ ሰው ማጅራቱ መሬት አይመታም። እጅ መሬትን ለመደገፍ አይዘረጋም፤ የእጅ አንጓና በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው አጥንት የሚሰበረው እንዲያ ሲዘረጋ ነው። ይልቁንም ክንድና መዳፍ አንድ ላይ ከጎን ሸራውን በጥፊ ይመታሉ፤ ጀርባ ላይ ሊያርፍ የነበረው ኃይል ይበተናል። ለአሥራ አራት ዓመት እግሬን ከራሴ በላይ ሳነሣ ማንም ይህን አላስተማረኝም። አሁን የማሠለጥናቸውን ልጆች ገና በነጭ ቀበቶ አስተምራቸዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ዶቦኬ፣ የቴኳንዶ ልብሴ፣ ትከሻው ላይ ተቀደደ። የቴኳንዶ ልብስ ስስ ነው፣ ለመጨበጥ አልተሠራም። የጁዶው ኮት ወፍራም ሽመና ነው፤ ያገለገለ በ4,000 ብር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ይህን ወጪ አስቀድማችሁ ያዙ። ጣቶቼ ለሁለት ወር ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሉኝ ነበር፤ በጎማ ሥራ የጠነከረ እጅ እንኳ ለዚህ ጭበጣ አዲስ ነው።

ከሁሉ ያስተማረኝን ምሽት ልንገራችሁ። እኔ 74 ኪሎ ነኝ። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለች፤ 52 ኪሎ ናት። እጅጌዬንና ኮሌታዬን ይዛ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሳበችኝ። እንደ ቴኳንዶ ልማዴ በጎኔ ቆሜያለሁ። ቀኝ እግሬ መሬት ሊነካ አንዲት ጣት ሲቀረው፣ ክብደቴ ገና ሳያርፍበት፣ በውስጥ እግሯ ጠረገችውና እጅጌዬን ወደ ሽንጧ ሳበች። የሸራውን ድምፅ የሰማሁት መውደቄን ከማወቄ በፊት ነው። ዴአሺ ባራይ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ሴንሴው አቆመንና «አልገፋችህም፣ ልትረግጥ የነበረውን መሬት ነው የወሰደችብህ» አለኝ። በጃፓንኛ ኩዙሺ የሚባለው፣ ሚዛንን መንሣት፣ ከመጣሉ በፊት ያለቀ ሥራ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለቴኳንዶ ሰው መልካም ዜናም አለበት። የእግር ጊዜ አጠባበቃችን የሠላ ስለሆነ ይህን ጠረጋ ከማንም ቀድመን እንይዘዋለን። በጎን መቆምን ግን መተው አለብን፤ ጀርባህን ግማሽ ሰጥተህ እንደ መቆም ነው።

አንድ ቅሬታዬን ለሴንሴው ራሱ ነግሬዋለሁ። የአክስቴ ልጅ የጣለኝ እግሬን አቅፎ ነው፤ የዛሬው የጁዶ ውድድር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደንቡን እያጠበቀ ሄዶ እግርን በእጅ መያዝን ከልክሏል። የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ኮዶካን የተባለውን የመጀመሪያውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲመሠርት ግን እግር የሚያዝባቸው አጣጣሎችም ነበሩ። ሴንሴው ሳይሸፋፍን «ለውድድር አያስፈልግህም፣ ለኑሮ ያስፈልግሃል» አለኝና ቅዳሜ ጠዋት ከደንቡ ውጭ ያለውን ያሠራናል። ቅዳሜውን የማይመጣ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው። ለመስቀል አክስቴ ጋር ሄጄ ከልጁ ጋር ደግመን ገጠምን። አምስት ጊዜ ተያያዝን፤ እሱ ሦስቴ ጣለኝ፣ እኔ ሁለቴ። አንዱን የጣልኩት በዚያችው በጠረጋ ነው። «ይህ የኛው ጠለፋ አይደለም ወይ?» ብሎ ሳቀ፤ እውነቱን ነው፣ የኛ እረኞች ያውቁታል።

ሌላም ጉድለት አለ። ሃያ ሁለት ሰው ስንሆን ወለሉ የሚችለው ስድስት ጥንድ ነው፤ ተራ ጥበቃው ረጅም ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናትና ላብ ያለበት ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ይበርደዋል፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ይዛችሁ ኑ። አሁን በኅዳር ውርጭ የቅዳሜ ጠዋቱ ሸራ እግርን ያቃጥላል። ልብስ መቀየሪያው አንድ ብቻ ነው፤ ሴቶች ቢሮው ውስጥ ይቀይራሉ፣ ለእነርሱ ሌላ ክፍል ሊዘጋጅ ይገባል። በፍልሰታ ግን ሴንሴው ለምንጾመው ሙሉ ፍልሚያውን ትቶ የመያዝና የመዞር ልምምድ ብቻ ነበር የሰጠን፤ ሳንጠይቀው ነው ያሰበልን።

መሬት ላይ የሚታገሉበትን ብራዚሊያን ጁጂትሱ የምትፈልጉ አላችሁ፤ ጥሩ ስፖርት ነው፣ ነገር ግን ለእርሱ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ መመላለስ አልችልም። በሳምንት ሦስቴ በእግሬ የምደርስበት መካከለኛ ቤት በወር አንዴ ከምደርስበት ምርጥ ቤት ይሻለኛል።

እኔ እቀጥላለሁ። የበሩን ጥግ ለመሙላት ሁለት ከረጢት የተከተፈ ጎማ ከሱቄ አዘጋጅቻለሁ፤ ስፌቱን በሸራ መርፌ እሰፋዋለሁ ብዬ ለሴንሴው ነግሬዋለሁ፣ ለፊታችን ቅዳሜ ቀጥሮኛል።