ጎንደር ላይ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ እኚህን አባት አግኙ

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ያላቸው አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ምስጋናዬ እንዲገባችሁ ግን ከሳቸው በፊት ያየሁትን ላስቀድም።

የዛሬ ሁለት ዓመት የእቁብ ብሬን አሟጥጬ ቪትዝ ገዛሁ። ቆጣሪው 78 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። መካኒኩን ያመጣልኝ ደላላው ነው። ሰውዬው ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ረገጥ ረገጥ አደረገና «ሞተሩ ገና አልተነካም፣ ዝም ብለሽ ግዢ» አለኝ። አምኜ ገዛሁ።

አራት ወር አልሞላም። እናቴን ዳባት ከለቅሶ ስመልሳት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሞተሩ ነከሰ። መሽቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሚወስደን መኪና ስንጠብቅ የነበረውን አልረሳውም። ሞተሩ ሲወርድ ጊዜ «ይቺ መኪና ከ200 ሺህ በላይ ሄዳለች» ተባልኩ። ደላላው ስልክ አያነሳም። መካኒኩም ከሱ የድርሻውን ተቀብሎ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። የኔን 2 ሺህ ብርም ወስዷል እኮ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ እንደገና መኪና ፍለጋ ስጀምር የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጋሼ ላከችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

የመጀመሪያዋን መኪና ሻጩ ራሱ እየነዳ አመጣት። ጋሼ ቁልፍ እንኳ አልጠየቁም። መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ጣል አደረጉና «ይቺ ሞቃለች። አድራ፣ ሳትነሳ ነው የማያት» አሉ። ሞተር ከሞቀ ብዙ ጉዱን ይደብቃል አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዋ ካደረችበት ግቢ ድረስ በእግራቸው መጡ። በዚያ ብርድ! በዚያ ዕድሜ!

ቆጣሪው 84 ሺህ ይላል። ጋሼ ወደ ቆጣሪው ዞር ብለውም አላዩ። በሩን ከፍተው ጎንበስ አሉና የፍሬን ፔዳሉን ጎማ አሳዩኝ። አንዱ ጥግ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል። የመሪው ቆዳም እጅ የሚያርፍበት ቦታ ልሙጥ ሆኗል። «84 ሺህ የሄደ ሰው እግር ይህን አይበላም» አሉ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው አቧራ የጠገበች ወረቀት አገኙ። ዘይት ሲቀየር ኪሎ ሜትሩን ጽፈው የሚለጥፏት ናት። ናፍታ በነካ ጨርቅ ቀስ እያሉ ጠረጉት። ቁጥሩ አንድ በአንድ ወጣ፤ 231 ሺህ። ልቤ ቀጥ አለ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ተፋ። ዘይት ያቃጥላል ማለት ነው አሉኝ። ሌላም ብዙ ነገር አስረድተውኝ ነበር፣ እኔ ግን ጆሮዬ ላይ የቀረው 231 ሺህ ብቻ ነው።

ሻጩን ሰው ፊት አላዋረዱትም። እኔን ብቻ ወደ ጎን ጠርተው «ልጄ፣ ብርሽን ይዘሽ ግቢ» አሉኝ። የድካማቸውን ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት እጄን ያዙኝ። «ሳትገዢ ምን እቀበልሻለሁ?» እንባዬ መጣ። ያኛው መካኒክ ሸጦኝ ተከፈለው፤ እኚህ አድነውኝ እምቢ አሉ።

ሁለተኛዋንም ሦስተኛዋንም እንዲሁ መለሱ። አንድም ቀን አልሰለቹም። አራተኛዋ ቆጣሪዋ 187 ሺህ ስትል እኔ ደነገጥኩ፣ ጋሼ ግን ፈገግ አሉ። ባለቤቱ ዘይት የቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር ጽፎ ይዟል። ጋሼ ከፔዳሉ፣ ከወንበሩ፣ ከሞተሩ ጋር አስተያዩት። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ከፍተው እጃቸውን ከላይ ያዙ፤ የሚገፋ ትንፋሽ የለም፣ ሞተሩ አልደከመም ማለት ነው። «ቁጥሩን አትፍሪ ልጄ፣ እውነተኛ ቁጥር ነው» አሉኝ። እኔ ስፈልግ የኖርኩት ትንሽ ቁጥር ነበር። ለካ የሚያስፈራው ቁጥሩ የተነካ መኪና ነው!

ገዛኋት። ባሕር ዳር ደርሼ ተመለስኩ፣ ዘይቷ ንቅንቅ አላለም። ባለፈው እሁድ እናቴን ቁስቋም አድርሻት ስንመለስ «እኚያን ሰውዬ አሳዪኝ» አለችኝ። ጋራዡ ዝግ ነበር። በሩ ላይ ቆማ መርቃቸው ሄደች።

ጋሼ፣ እድሜ ከጤና ይስጥልኝ! እናንተም መኪና ልትገዙ ከሆነ እባካችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ እሳቸውን አግኙ። ደላላ የሚያመጣውን መካኒክ ተዉት፣ በእናታችሁ። የጋራዡን ቦታ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። ማልዳችሁ ሂዱ፣ መኪናዋ ሳትነሳ።